ቀሚሴን የለበሰችው እናት

ጎንደር፣ ቁስቋም
ቅዳሜ፣ ጥር 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለምንዳዬ፤
ቤይሩት

ጥፋተኛው አወቀ ነው። ወንድምሽ ነው፤ እኔም ወልጄዋለሁ፤ ግን ጥፋተኛው እሱ ነው። ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ወረቀቱ ሲያልቅብኝ እንዳይቀር ብዬ ነው። አሁን እንዴት ነሽ? ያ የራስ ምታትሽ ተወሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽ ጽጌሬዳም ደህና ናት። እጅግ ደህና ናት፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ድሮ ለአወቀ እየነገርኩት ሲጽፍልሽ፣ እኔ ግማሽ ቀን ሳወራ እሱ ሁለት መስመር ይጽፍና «በቃ እማ፣ ገብቷታል» ይለኝ ነበር። ስልክሽ ሲጠፋ ጊዜ ዳባት የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አስተማሪያችን ባዬ «እማማ፣ ይቺን ፊደል ገልብጠዋታል» ሲለኝ «አንተን ገልብጬ ብገርፍህ ደስ ይለኛል» እያልኩት ክረምት ከበጋ ተማርኩ። ላንቺ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የዋለው ግን ለሌላ ነገር ነው፤ እነግርሻለሁ።

የጽጌ አባት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደ ወረደ መቅረቱን ታውቂያለሽ። አንቺም ልጅቱን ዓመት ሳይሞላት ለእኔ ትተሽ ከሄድሽ ሦስት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ በየወሩ ትደውዪ ነበር፤ ኋላ በሁለት ወር፤ ኋላ ስልኩ አይገኝም ይል ጀመር። አሥራ አራት ወር ሙሉ አይገኝም አለኝ። እኔ ልጅሽን አዝዬ ውኃ እወርዳለሁ፤ አዝዬ እንጨት እለቅማለሁ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ከነልጅቱ ጭቃ ውስጥ ወደቅሁ። እሷ ምንም አልሆነችም። እኔም አልተሰበርኩም። ግን እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ፣ ዝናቡ እየወረደብኝ፣ መነሣት አልፈለግሁም። ልጅቱ «እምዬ፣ ተነሺ» እያለች ትጎትተኝ ነበር።

አወቀ የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። «እማ፣ ልጅ የሌላቸው ሸጋ ሰዎች አሉ። ያሳድጓታል፣ ያስተምሯታል፤ ስታድግ ትመጣለች» አለኝ።

በእኛ ዘንድ የጡት ልጅ እንዴት እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ይቀመጣል። አሳዳጊዪቱ ጡቷን ማር ትቀባለች፤ ልጁ ይቀምሳል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሁለት ቤት አለው፤ የወለደችው ቤት አይዘጋበትም። ለበዓል ይመጣል፣ ለለቅሶ ይመጣል። የእኔ አባት እንዲያ ነው ያደገው። ይህ ነው የመሰለኝ። አወቀም አይደለም አላለኝም።

አወቀ በወሰደኝ የማደጎ ድርጅት ቢሮ የፈረምን ቀን፣ እንደ እኔ ልጅ ሊሰጡ የመጡት ሌሎቹ አውራ ጣታቸውን ቀለም ሲነክሩ እኔ እስክርቢቶ አምጡ አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና «እማማ፣ ይጽፋሉ?» አለኝ። ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩለት። አንድም ፊደል አላጣመምኩም። «በርቱ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቅሻለሁ። ከስሜ በላይ ያለውን አላነበብኩትም። ጽሕፈቱ ደቃቃ ነበር፤ ብዙም ነበር። አወቀም ሰው እየጠበቀ ነው እያለ ያጣድፈኝ ነበር። ስለዚህ ጥፋተኛው አወቀ ነው።

አንዲት መስመር ብቻ አነበበልኝ። «የሕፃኗ እናት ወደ ዐረብ አገር ሄዳ የደረሰችበት አይታወቅም» ትላለች። «ውሸት ነው?» አለኝ። «የት እንዳለች ታውቂያለሽ?» አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ እውነት ነበረች።

ተነሥቼ በሩን አይቼ መጣሁ። ገና አልተመለሱም። ልጅሽና ፒላር ግንቡ ዘንድ ናቸው፤ ጽጌ ፍርስራሹ ላይ መውጣት ትወዳለች። ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ። እጄ ብትወላገድብሽ ለዚያ ነው።

ፒላር የምልሽ ከስፔን የመጣችው ሴት ናት። ዕድሜዋ አርባ አምስት ይሆናል፤ ባልም ልጅም የላትም። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ መጣች። ድርጅቱ ቁስቋም ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየላትና ፍርድ ቤቱ እስኪደርስ ከልጅቱ ጋር ተላመጂ አላት። እኔን ዳባት ቅሪ አሉኝ። አያቷ ካለች ልጅቱ አትጠጋም አሉ። ጥጃ ከላም እንደሚለይ ለዩን።

በአራተኛው ቀን አወቀ በጎረቤታችን በአያ ደመቀ ስልክ ደወለልኝ። «እማ፣ ዛሬውኑ ተነሺ። ልጅቱ እህል አልቀምስም ብላለች።»

ስደርስ ልጅሽ አልጋ ሥር ናት። ፒላር ደግሞ ሳህን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። ሰሚያ የምትባል አስተርጓሚ አለች፤ የዚሁ የጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ ናት፣ አባቷ ባለሱቅ ናቸው። ምላሷ ምላጭ ነው።

«እማማ፣ እንኳን መጡ» አለችኝ። «ልጅቱ አልጋ ሥር፣ ፈረንጇ መሬት ላይ፣ እኔ በመካከላቸው። ሦስታችንም በረሃብ ልናልቅ ነበር።»

ጽጌ ድምፄን ስትሰማ ወጣች። በሶ ለውሼ ጭብጦ ጨበጥኩላት፤ ሦስት በላች። ፒላር ግድግዳውን ተደግፋ ታየን ነበር። ቅናት ፈለግሁባት፤ አጣሁ። ብትቀና ኖሮ ጠልቻት እገላገል ነበር።

የድርጅቱ ሰው በማግሥቱ መጥቶ ወደ አገርሽ ተመለሺ አለኝ። ፒላር ተነሥታ አንድ ነገር ተናገረችው። ምን አለች ብዬ ሰሚያን ጠየቅኋት። «‘እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ’ ነው ያለችው» አለችኝ። ቀረሁ።

ሳምንት አለፈ። ልጅሽ ከእኔ እጅ ትበላለች፤ ፒላር እጇን ስትዘረጋ ወደ አልጋው ሥር ትሮጣለች። ፒላር ኩሽና ገብታ ውኃ ከፍታ ስታለቅስ እሰማት ነበር። ውኃው ልቅሶ የሚደብቅ መስሏት።

ያን ጊዜ አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጎቹን እንዴት እንደሚያላምድ ትዝ አለኝ። ግልገሏ ለሞተባት በግ፣ እናቱ የሞተችበትን ግልገል ሲያመጣላት፣ የሞተውን ቆዳ ገፎ ያለብሰው ነበር። በጓ መጀመሪያ ትራገጣለች። ቀርባ ስታሸት የልጇን ሽታ ታገኛለች፤ ትቆማለች፤ ታጠባለች። በአራት በአምስት ቀን ቆዳው ይወልቃል። በጓ ያን ጊዜ ለምዳዋለች፤ ብታውቅም አትተወውም።

እኔ ገልብጬ ሠራሁት። ከመጣሁ ጀምሮ ከላዬ ያልወረደውን ቀሚሴን አውልቄ ለፒላር ሰጠኋት። ነጠላዬን ደረብኩላት። ቅቤ በጠጣው ሻሼ ራሷን አሰርኩላት።

ሰሚያ አፍንጫዋን ይዛ «እማማ፣ ይህን ሽታ ስፔን ድረስ ልትልኩት ነው?» አለች።

ነገሩን አስረድቻት ስትተረጉምላት ፒላር ሳቀች። የእሷም አያት በግ አርቢ ነበር አሉ፤ እሱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። ለእኔም ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ቆዳ የሚገፈፈው ከሞተው ነው። እኔ በቁሜ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ቀን ጽጌ ከኋላዋ መጥታ እኔ መስያት ቀሚሱን ያዘች። ፊቷን ስታይ ጮኸች። በሁለተኛው ቀን አልጮኸችም። ፒላርን ጭብጦ አጨባበጥ አስተማርኳት፤ አጥብቃ ጨብጣ ድንጋይ ታደርገዋለች፤ ልጅቱ ግን በላችላት። በአንቀልባ አሳዘልኳት። ጎንበስ በይ፣ ልጅቱን ወደ ላይ ግፊያት፣ አሁን እሰሪ እያልኩ። በአምስተኛው ቀን ልጅሽ ጀርባዋ ላይ አንቀላፋች። እኔ ወጥቼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። ፀሐይ ነበር፤ ጀርባዬን ግን በረደኝ።

ዐሥር ቀን ሳይሞላ ፒላር ቀሚሴን መለሰችልኝ። አጥባ ነው የመለሰችው። ሳሙና ሳሙና ይላል።

ከዚያ ወዲህ እኔን ስለ አንቺ መጠየቅ ጀመረች። ደብተር አላት፤ የነገርኳትን ትጽፋለች። እናቷ ምን ትወድ ነበር? ሳቋ እንዴት ነበር? እኔም ጥርስሽ ፍንጭት እንደሆነ፣ ስትሮጪ ማንም እንደማይደርስብሽ፣ ጎመን እንደማትወጂ ነገርኳት። ስነግራት ደስ ይለኝ ነበር። ስምሽን ከጠራሁ ቆይቼ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንዲት ሸጋ ልጅ «እትዬ የትነበርሽ!» ብላ ጠራችኝ። የአያ ደመቀ ልጅ ሃና ናት። ከቤይሩት መጥታ ዳባት ብትፈልገኝ ቁስቋም ናት ብለዋት ነው።

«ምንዳዬ ልካኝ ነው» አለችኝ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። «አለች?»

«ምነው እትዬ! ሞተች አሉሽ እንዴ?»

ከቀጠሩሽ ሰዎች መሸሽሽን፣ ስልክሽን እነሱ እንደ ነጠቁሽ፣ አሁን ያለ ወረቀት ተደብቀሽ ቤት ለቤት እያጸዳሽ እንደምትኖሪ ነገረችኝ። ቁጥርሽን ሰጠችኝ። ከቦርሳዋም ጫማ አወጣች። ቀይ፣ አበባ ያለው።

«ለጽጌ ነው።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? አለቀሰች።»

ምንዳዬ፣ ጫማው የሕፃን ነው። ለካሁት፤ የልጅሽ ግማሽ እግር አይገባበትም። ጥለሽው ለሄድሽው እግር ነው የገዛሽው። ተቆጣሁሽ፤ ከዚያ ደግሞ መንገድ ዳር ቆሜ ጫማውን ሳምኩት። ጠቅልዬ ቋጠሮዬ ውስጥ ደበቅሁት። ለማንም አልተናገርኩም። በዚያው ቀን ፒላር ደብተሯን ይዛ መጣች፤ እኔም ካቆምንበት ቀጠልኩላት። ልጅነትሽን እንደ ተረት ነገርኳት። አልጠየቀችኝም እንጂ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አባበልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ የሰሚያን ስልክ ለመንኳት። ቁጥሩን ራሴ ነካሁት። ገና አፌን ሳልከፍት «እማ?» አልሽ። ዘጋሁት። ያን ቀን የዘጋብሽ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ብታለቅሺ እንደምሸነፍ አውቃለሁ። በየት በኩል እንደምሸነፍ ግን አላወቅሁም ነበር።

ትናንት አወቀ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። ሰኞ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት የምናገረውን ሊያስጠናኝ ነው።

«ፈቅደሽ ነው የሰጠሽ ሲልሽ አዎ ትያለሽ። እናቷ የት ናት ሲልሽ አላውቅም በይ። በቃ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፤ አመልሽን አውቀዋለሁ።»

ጫማውን አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እህትህ የላከችው ነዋ።»

ሲያገላብጠው ቆየ። «መቼ?»

«ዐሥር ቀን ሆነው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያ እንደዚያው ይቅር» አለ። ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር። «እማ፣ እኔ የእህቴን ልጅ ጠልቼ ነው? በአንዲት ክፍል ውስጥ አራት ልጆች አሉኝ። አንቺ ደጅ እንኳ የምትወጪው በምርኩዝ ነው። ምንዳዬ ነገ ትመጣለች? ልጅ በጫማ አያድግም።»

«ያሳሳትከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ? ቀሚስሽን ያለበስኳት እኔ ነኝ?» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎም ልጅቱን ጠራት። «ጽጌ! ነይ እስቲ። ከማን ጋር ነው የምትተኚው?»

ልጅሽ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ከዚያ በጣቷ አመለከተች። ወደ እኔ አይደለም።

አወቀ ደስ አላለውም። ጫማውን እጄ ላይ መለሰልኝና ወጣ። ባጃጁ የተነሣው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፒላር ከሰሚያ ጋር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰሚያ ቀልድ አልጀመረችም፤ ስታመነታ አየኋት።

«እማማ፣ ፒላር አንድ ነገር ትለምናለች። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ዳባት ሄዳ መቃብሩን ማየት ትፈልጋለች። ልጅቱን ይዛ። ፎቶ አንስታ ስታድግ ልታሳያት።»

«የማንን መቃብር?»

«የእናቷን።»

«ማን ነው ሞተች ያላት?»

ፒላር ተነሥታ ወረቀቷን አመጣች፤ በአገሯ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ሰሚያ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «እዚህ ላይ ሞታለች ነው የሚለው» አለችኝ። እኔ የፈረምኩበት አይታወቅም ይላል። ወረቀቱ ባሕር ሲሻገር ገድለውሻል። ማን እንደ ጻፈው እንጃ።

ፒላር ዓይን ዓይኔን ታያለች። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ዳባት ሩቅ ነው በያት» አልኩ። ይህን ነው ያልኩት፣ ልጄ።

ፒላር ልጅቱን ይዛ ስትወጣ ሰሚያ ቀረች። «እማማ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የተነገረኝን እናገራለሁ፤ ያልተነገረኝን አልጨምርም» አለችኝ። «ግን በእኔ ስልክ ‘እማ?’ ያለችው ማን ናት? አጠገብዎ ቆሜ ሰምቻታለሁ።»

እስክርቢቶ ስጪኝ አልኳት።

እንግዲህ ስሚኝ። ነገ ከአዘዞ በአውሮፕላን ይወስዱናል። ሰኞ ጠዋት ዳኛ ፊት እቆማለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰሚያ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ሃና በሰጠችኝ ቁጥር ትልክልሻለች። አላነበውም ብላ በአላህ ምላልኛለች፤ አላመንኳትም፤ ታንብበው። አብራን ስለምትሄድ መልስሽን በእሷ ስልክ ላኪ።

ልጄን መልሱልኝ ካልሽ ይዣት እገባለሁ። ግን እወቂው፤ አልጋ ሥር ትገባለች፤ አሁን የምትሸሸው ከእኔ ይሆናል። ያን ጊዜ የፒላርን ቀሚስ የምለምነው እኔ ነኝ። ፒላርስ ምን ትሆናለች? ስለ እሷ ማሰብ አልፈልግም፤ ቆሜም ተቀምጬም የማስበው ግን እሷን ነው። ትሂድ ካልሽ ደግሞ ራስሽ በይው፣ በገዛ አፍሽ። ዳኛው ይስማው። ፒላር ትስማውና በደብተሯ ትጻፈው፤ እናቷ ለምን እንደ ሰጠቻት ልጅሽ አንድ ቀን የምታነበው ይኑራት። አወቀን ተይው፤ የእኔን ድካምም ተይው፤ በእኛ አሳብበሽ አትለፊ። ዝም ካልሽም ዝምታሽን እነግራቸዋለሁ። አለች፤ ጠየቅኋት፤ አልመለሰችም እላለሁ።

መጡ መሰለኝ። የልጅሽ ድምፅ ከበሩ ይሰማል። ምኑን እንደምታወራ እንጃ፤ ግማሹ የእኛ ነው፣ ግማሹ የፒላር።

የቁስቋሟ እመቤት በሄድሽበት ትከተልሽ። የምታጸጂላቸው ሰዎች ልባቸው ይራራልሽ። ከፖሊስ ዓይን፣ ከክፉ ሰው እጅ ትሰውርሽ። በእግርሽ ለአገርሽ ታብቃሽ። ከሰኞ ጀምሮ፣ ዳኛ ይሁን፣ ፒላር ትሁን፣ አድጋም ጽጌ ራሷ ትሁን፣ የልጅቱ እናት የት ናት ላለኝ ሰው ከእንግዲህ አላውቅም አልልም።

እናትሽ
የትነበርሽ ወልደኢየሱስ